በገበያ የተጀመረ እርቅ፦ የዋጅር ታሪክ

የዛሬው ታሪካችን ከዚሁ ከኬንያ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ዋጅር የአርብቶ አደር አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲወድቅ የጦር መሣሪያ ድንበር አቋርጦ እንደ ልብ ገባ። በዚያ ላይ ድርቅ መጣና ከብቱ አለቀ። የደጎዲያ፣ የአጁራንና የኦጋዴን ጎሳዎች በውሃ፣ በግጦሽና በሥልጣን ተጋጩ። በ1984 በዋጋላ የመንግሥት ወታደሮች ብዙ የደጎዲያ ሰዎችን ስለገደሉ ሕዝቡ ጸጥታ አስከባሪውንም አያምንም ነበር።

ጸቡ ገበያ ድረስ ገባ። ሴቶቹ ከሌላ ጎሳ አንገዛም፣ ለሌላ ጎሳ አንሸጥም አሉ። ወይዘሮ ደቃ ኢብራሂም አብዲና ጓደኞቻቸው ሥራቸውን የጀመሩት እዚሁ ላይ ነው። ማንኛዋም ሴት፣ የየትኛውም ጎሳ ትሁን፣ ያለ ፍርሃት እንድትገበያይ ከሴቶቹ ጋር ተስማሙ። ገበያውንም ራሳቸው ሴቶቹ ይከታተሉ ጀመር።

ቀጥሎ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። ግን ማን ይሰብስብ? ከተጣሉት ጎሳዎች አንዱ ቢሰበስብ ሌላው አያምነውም። ስለዚህ በጸቡ ውስጥ ካልገባ ትንሽ ጎሳ የመጡ ሽማግሌ ስብሰባውን መሩ። በ1993 ሽማግሌዎቹ የአል ፋታህ ስምምነት የተባለውን ፈረሙ።

በፊርማ ብቻ አላበቃም። ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶችና የመንግሥት ሹማምንት ያሉበት የሰላም ኮሚቴ በ1995 ከወረዳው አስተዳደር ጋር ተያይዞ መሥራት ጀመረ። ከብት ተዘረፈ፣ ሰው ተገደለ ከተባለ፣ ዘመድ ለበቀል ሳይነሳ ቶሎ ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። ሌሎች የኬንያ አካባቢዎችም ይህን አሠራር ከዋጅር ተማሩ። ወይዘሮ ደቃ በ2007 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ፤ በ2011 ዐረፉ።

ታዲያ ዋጅር ከዚያ ወዲህ ጸብ አላየችም ማለት አይደለም። በ2014 የደጎዲያና የጋሬ ጎሳዎች በዋጅርና በማንዴራ አዋሳኝ ተጋጭተው ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሕዝብም ተፈናቅሏል። እርቅ እንደ ሣር ጎጆ ነው፤ በየጊዜው ካልተከደነ ያፈሳል።

መምህራን፣ ይህንን ጥያቄ ለክፍል ውይይት አቅርቡት፦ በቦኖ ውሃችን ወረፋ ላይ በሁለት ሰፈር ልጆች መካከል ጸብ ቢነሳ፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሰብሳቢ ማን ነው? ተማሪዎች ስም ከመጥራታቸው በፊት ምክንያቱን ይናገሩ።