ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የቤት ዕቃና የለንደን አናጢዎች አቤቱታ

ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ የቤት ዕቃ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ከአውሮፓ ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም የሚሄደው ነው። በከተማችንም ቢሆን አንድ ጥሩ ጠረጴዛ አይተን «ይህስ የውጭ ነው» ብንል እንደ ምስጋና ይቈጠራል። ነገር ግን አውሮፓውያን ራሳቸው ከሁለት መቶ ዓመት ለበለጠ ጊዜ ለእልፍኛቸው ጌጥ የሚሆነውን ምርጥ ዕቃ ከሩቅ ምሥራቅ ያስመጡ እንደ ነበርና በዚህም ምክንያት የለንደን አናጢዎች እንጀራችን ተወሰደብን ብለው እስከ መጮኽ እንደ ደረሱ እምብዛም አይታወስም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ታሪክ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የአገሩን ባለሙያ ያጠፋዋል ወይስ ያስተምረዋል? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጃፓን፥ በቻይናና በዚያ ዘመን ቶንኪን ይባል በነበረው በሰሜን ቬትናም፥ ቅርፊታቸው ሲሰነጠቅ ላካ የሚባል ፈሳሽ የሚያወጡ ዛፎች ይበቅላሉ። ፈሳሹ ጥሬውን ሳለ ቆዳ የነካ እንደ ሆነ ያሳብጣል፥ ያሳክካል። የሚያስደንቀውም እንደ ሌላው ቀለም በፀሐይና በነፋስ የሚደርቅ አለመሆኑ ነው፤ የሚጠነክረው ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ባለሙያው አንድ ስስ ሽፋን ይቀባል፥ እስኪጠነክር ይጠብቃል፥ ይፈትገዋል፥ እንደ ገና ይቀባል። ጥሩ ሥራ ብዙ ሽፋንና ብዙ ወራት ይጠይቃል። ጃፓኖች ደግሞ ላካው ሳይጠነክር የወርቅ ዱቄት እየነሰነሱበት ተራራ፥ ወፍና ቤተ መንግሥት ይሥሉበታል። ሲፈጸም እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ፥ ውሃ በቀላሉ የማያበላሸው ጥቁር ገጽ ይሆናል። የእኛ አናጢዎች ከጣልያንኛ ወስደው «ጎማ ላካ» የሚሉት በአልኮል የሚሟሟ ቅባት ከዚህ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በሕንድና በአካባቢው አገሮች ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚያመነጩት ሙጫ የሚገኝ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሆን አትሮኖስና ሣጥን በላካ ያሠሩ ጀመር። ስለዚህ ዕቃው የተሠራው በጃፓን ቢሆንም መልኩን የወሰነው ከመጀመሪያው አንሥቶ ገዢው ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዞችም በ1613 በሂራዶ ወደብ የንግድ ቤት ከፈቱ፤ ክሎቭ የተባለችው መርከባቸው በ1614 ስትመለስ ያመጣችው የላካ ዕቃ በለንደን በሐራጅ ተሸጠ። ነገር ግን ንግዱ አላዋጣቸውምና በ1623 ዘግተው ሄዱ። ፖርቱጋሎች በ1639 ከተባረሩ በኋላ ከአውሮፓውያን መካከል የቀሩት ኦላንዶች ብቻ ሆኑ፤ እነርሱም ከ1641 ጀምሮ በናጋሳኪ ወደብ ባለችው ሰው ሠራሽ ደሴት በዴሺማ ተወስነው እንዲነግዱ ታዘዙ።

የኦላንዶች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ (በ1602 የተቋቋመው) ምርጡን ዕቃ የሚያሠራው አስቀድሞ በማዘዝ ነበር። ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከሚታዩት አንዱ ሣጥን በባታቪያ የኩባንያው ጠቅላይ ገዥ የነበረው የአንቶኒ ቫን ዲመን ሚስት የማሪያ ስም ተጽፎበታል። በዚያው ሙዚየም የሚገኘው ማዛረን የሚባለው ትልቅ ሣጥንም በ1640 ገደማ የተሠራ ሲሆን፥ በወርቅና በብር የተሣለበት እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕቃ በጣም ውድ ስለ ነበረ ኩባንያው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ማስመጣቱን ተወው፤ ከዚያ ወዲያ የቀጠለው የግለሰቦች ንግድ ነው። ቦታውን ርካሽ የሆነው የቻይናና የቶንኪን ላካ ያዘው። አውሮፓውያንም የቱ ከየት እንደ መጣ አልተጨነቁበትም። የቻይናን ሥራ «የሕንድ» ይሉት ነበር፤ በቻይና የተሠራውን ተጣጣፊ የእንጨት ከለላ ደግሞ መርከቦች በሕንድ በኮሮማንደል ጠረፍ በኩል ስላለፉ ብቻ «ኮሮማንደል» ብለው ሰየሙት። ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

አሁን ወደ አቤቱታው እንመጣለን። በ1700 ገደማ የለንደን የአናጢዎች ማኅበር ከምሥራቅ ሕንድ የሚመጣውን የቤት ዕቃ በመቃወም ጉዳዩን በወረቀት አሳትሞ ለፓርላማ አቀረበ። አናጢዎቹ እንደሚሉት በአራት ዓመት ውስጥ ብቻ 244 ባለመሳቢያ ቁም ሣጥን፥ 6,582 የሻይ ጠረጴዛና 4,120 የማበጠሪያና የዱቄት ሣጥን አገር ውስጥ ገብቷል። ቍጥሩ ብቻውን ያስገርማል። እኛን ይበልጥ ያስገረመን ግን ሌላው ነገር ነው። አናጢዎቹ የተቈጡት ባዕድ ዕቃ መጣ ብለው ብቻ አይደለም፤ የገዛ አገራቸው ነጋዴዎች በለንደን ንድፍና ሞዴል አሠርተው ወደ ምሥራቅ እየላኩ፥ በእንግሊዝ ፋሽን የተሠራ ዕቃ እያስመጡ መሸጣቸው ነው ያንገበገባቸው። ጠቡ በእንግሊዝና በቻይና መካከል ሳይሆን በእንግሊዝ ነጋዴና በእንግሊዝ ባለሙያ መካከል ነበር ማለት ነው።

ይህ ክስ ደግሞ ባዶ አልነበረም። በ1688 ቶንኪንን ያየው መርከበኛ ዊልያም ዳምፒየር እንደ ጻፈው፥ አንድ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ በላካ የሚቀባ አዲስ ፋሽን ዕቃ እዚያው እንዲሠራለት ብልህ አናጢና የአውሮፓ ሳንቃ ጭኖ ሄዶ ነበር። ሳንቃውን ወስዶ፥ አናጢውን ወስዶ፥ ለመቀባት ብቻ ግማሽ ዓለምን መዞር! ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ዛፉ በአውሮፓ አይበቅልም፥ ፈሳሹም በመርከብ ተጭኖ ያን ያህል መንገድ ሳይበላሽ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ፓርላማው ከአቤቱታው በኋላ ከውጭ በሚገባው የላካ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨመረ። ብዙዎች ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ባለሙያው ጮኸ፥ መንግሥት ሰማው፥ እንጀራው ዳነ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቀረጡ ከመጨመሩ 12 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ በ1688፥ ስቶከርና ፓርከር የተባሉ ሁለት ሰዎች የጃፓንን ላካ እንዴት ማስመሰል እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ በኦክስፎርድ አሳትመው ነበር። ዘዴያቸው በአልኮል የሟሟ ጎማ ላካ ደጋግሞ መቀባትና መፈተግ ነው። የዛፉን ፈሳሽ ስላላገኙ የነፍሳቱን ሙጫ ወሰዱ! ለሥዕሉም ናሙና ጨመሩ፤ የምሥራቁ ሥዕል መጠኑን ስቷል ብለው ያሰቡበትን ቦታ ራሳቸው «እንዳቃኑት» ሳይደብቁ ተናግረዋል። የማያውቁትን የጃፓን ተራራ ከጃፓኖች በተሻለ እንሥላለን ማለታቸው ትንሽ ያስቃል፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው መማር የጀመረው ከቀረጡ በፊት መሆኑን ያስረዳል።

ፓሪስ ሌላ መንገድ ያዘች። በዚያ ነጋዴዎቹ ዕቃ መሥራት በሕግ ባይፈቀድላቸውም ማስጌጥና ማሠራት ይችሉ ነበር። ስለዚህ የጃፓን ካቢኔ እየገዙ ያፈርሱት ነበር። የላካው ገጽ ከወፍራሙ እንጨት በመጋዝ ይለያል፤ ከጀርባው እየተላገ ጥቂት ሚሊሜትር እስኪቀር ይሳሳል፤ ከዚያም በፈረንሳይ ባለመሳቢያ ሣጥን ጐባጣ ሆድ ላይ ተለጥፎ ዳርና ዳሩ በነሐስ ይከበባል። በ1737 ኤቤር የተባለው ነጋዴ በፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት ለንግሥት ማሪ ሌሽቺንስካ ያቀረበው ኮሞድ እንዲህ የተሠራ ነው፤ ሠሪው ቤርናር ቫን ሪዘንበርግ ነበር። ይህ ሰው ሥራውን በስሙ መነሻ ፊደላት ያትም ነበር። ወርቁን የነሰነሰው የጃፓን ሰው ግን ማኅተም የለውም። በ1730 የንጉሥ ፈቃድ ያገኙት የማርተን ወንድማማቾች ደግሞ በራሳቸው ቅባት እየሠሩ ከዕውነተኛው ላካ ጋር ተፎካከሩ።

ለጥያቄያችን መልስ ይሆናል ብለን የምናስበው ግን በለንደን በክላርክንዌል ይሠራ የነበረው የጃይልስ ግሬንዲ ታሪክ ነው። ግሬንዲ በ1693 ተወለደ፤ አናጢዎቹ አቤቱታቸውን ሲያቀርቡ ገና ሕፃን ነበር። ካደገ በኋላ በ1730ዎቹ በሰሜን ስፔን ለሚገኘው ለላስካኖ ቤተ መንግሥት በደማቅ ቀይ «የጃፓን» ቅባት የተቀባና በወርቅ የቻይና ሰዎች የተሣሉበት ወንበር፥ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ሠርቶ ላከ። ቢያንስ 77 ዕቃ መሆኑ ታውቋል። አባቶቹ እንዳይገባ የለመኑትን ዓይነት ዕቃ ልጅየው ለውጭ አገር ጌቶች ይሸጠው ጀመር ማለት ነው። በነሐሴ 1731 የሥራ ቤቱ በእሳት በተቃጠለ ጊዜ፥ በማግስቱ ሊጫን ታሽጎ የነበረ 1,000 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ አብሮ መንደዱ በወቅቱ ተዘግቧል።