የነፃ ከተሞች ስምምነት

የነፃ ከተሞች ስምምነት የቡዳፔስት፣ የዋርሶ፣ የፕራግና የብራቲስላቫ ከንቲባዎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2019 በቡዳፔስት የፈረሙት የትብብር ሰነድ ነው። ፈራሚዎቹ የሀንጋሪው ገርጌይ ካራቾኚ፣ የፖላንዱ ራፋው ትሻስኮቭስኪ፣ የቼክ ሪፐብሊኩ ዝዴኔክ ህርዢብና የስሎቫኪያው ማቱሽ ቫሎ ነበሩ። ሰነዱ በመንግሥታት መካከል እንደሚደረግ ውል አስገዳጅ አይደለም። ፍርድ ቤት የለውም፤ ቃሉን ያፈረሰ ከተማም አይቀጣም። ጉልበቱ ያለው የአገሮቹ ዋና ከተሞች በአንድ ድምፅ መናገራቸው ላይ ነው።

አራቱ አገሮች ቪሼግራድ በሚባለው ቡድን ውስጥ የቆዩ ሲሆኑ በ2004 በአንድ ቀን የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የአካባቢው ፖለቲካ አቅጣጫውን ቀየረ። በ2010 ወደ ሥልጣን የተመለሱት የሀንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን፣ የሚገነቡት መንግሥት ሊበራል እንዳልሆነ በ2014 ባደረጉት ንግግር በግልጽ ተናገሩ። በፖላንድ በ2015 ያሸነፈው የሕግና ፍትሕ ፓርቲ ደግሞ በፍርድ ቤቶች ነፃነት ጉዳይ ከብራሰልስ ጋር ተጋጨ። የዋና ከተሞቹ መራጭ በአንጻሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ2018 መጨረሻ ዋርሶ፣ ፕራግና ብራቲስላቫ ከገዢዎቹ ፓርቲዎች ውጭ የሆኑ ከንቲባዎችን መረጡ። ቡዳፔስት የተከተለችው በኦክቶበር 2019 ነው፤ ተቃዋሚዎች በአንድነት ያቀረቧቸው ካራቾኚ፣ ከ2010 ጀምሮ ከተማዋን የመሩትንና ገዢው ፓርቲ የሚደግፋቸውን ኢሽትቫን ታርሎሽን አሸነፉ። ስምምነቱ የተፈረመው ከዚያ ምርጫ ሁለት ወር በኋላ ነው።

የፊርማው ቦታም መልእክት ነበረው። ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደው በማዕከላዊ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ተቋሙ በ2017 በወጣ የሀንጋሪ ሕግ ምክንያት አብዛኛውን ትምህርቱን ወደ ቪየና ለማዛወር ተገዶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሕጉ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ የወሰነው ከፊርማው በኋላ፣ በ2020 ነው።

ሰነዱ ሁለት ጉዳዮችን ያጣምራል። አንደኛው የዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነትና የሰብዓዊ ክብር ቃል ኪዳን ነው። ሁለተኛው የከተማ ነዋሪ በየቀኑ የሚጋፈጠው ችግር ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የመኖሪያ ቤት እጥረት፣ የኑሮ ልዩነት መስፋትና የሕዝቡ ማርጀት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገንዘብ ነው። የኅብረቱ የልማት ድጋፍ በአብዛኛው የሚያልፈው በብሔራዊ መንግሥታት እጅ ስለሆነ፣ ከማዕከላዊ መንግሥት ጋር የተቃረነ ከተማ ለትራም መስመር ወይም ለሕንፃ እድሳት የሚሆነውን ገንዘብ የሚጠብቀው ከተቀናቃኙ ነው። አራቱ ከንቲባዎች በፌብሩዋሪ 2020 ብራሰልስ የሄዱትም ከተሞች በቀጥታ የሚደጎሙበት መንገድ እንዲከፈት ለመጠየቅ ነበር።

የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን ጥያቄ አባባሰው። የሀንጋሪ መንግሥት በ2020 ማዘጋጃ ቤቶች ከተሽከርካሪ ግብር የሚያገኙትን ድርሻ ወሰደ፤ በ2021 ደግሞ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ለአካባቢ አስተዳደር የሚከፍሉትን የንግድ ግብር በግማሽ ቀነሰ። ሁለቱም ርምጃዎች ለወረርሽኙ መቋቋሚያ ተብለው ቢወሰዱም፣ ጉዳቱ በንግድ ግብር በምትተዳደረው በቡዳፔስት ላይ በረታ። ከተማዋ ለመንግሥት በምትከፍለው የአብሮነት መዋጮ የተነሳ የተፈጠረው ክርክርም እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኅብረቱ በ2020 የተስማማበት የ750 ቢሊዮን ዩሮ የማገገሚያ ዕቅድ በበኩሉ ክፍያውን በዋናነት ለመንግሥታት ሰጠ። ስለዚህ የስምምነቱ ትልቁ የገንዘብ ጥያቄ በአመዛኙ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ለከተሞች በቀጥታ የተከፈተው በር ጠባብ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እስከ 2030 የካርበን ልቀታቸውን ወደ ዜሮ እንዲያወርዱ በ2022 ከመረጣቸው 100 የኅብረቱ ከተሞች መካከል ቡዳፔስት፣ ዋርሶና ብራቲስላቫ ይገኙበታል፤ ፕራግ ግን አልገባችም።

በውጭ ግንኙነት ረገድ ከንቲባዎቹ ይበልጥ ደፋሮች ነበሩ። ፕራግ ከቤጂንግ ጋር የነበራት የእህትማማችነት ውል የ«አንድ ቻይና» መርህን የሚቀበል አንቀጽ ስለነበረው ህርዢብ አንቀጹ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ውሉ በ2019 ፈረሰ፣ ፕራግም በጃንዋሪ 2020 ከታይፔይ ጋር ተፈራረመች። በሩሲያ ኤምባሲ ፊት ያለው አደባባይም በተገደለው የሩሲያ ተቃዋሚ በቦሪስ ኔምትሶቭ ስም ተሰየመ። ካራቾኚ በ2021 የቻይናው ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ሊሠራበት በታሰበው አካባቢ ያሉ መንገዶችን «ነፃ ሆንግ ኮንግ» እና «የኡይጉር ሰማዕታት» በሚሉ ስሞች ጠሩ። ስም መቀየር ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ያም ሆኖ ከንቲባ በውጭ ጉዳይ ምን ሥልጣን አለው የሚለውን ክርክር አስነስቷል።

በሴፕቴምበር 2021 ቡዳፔስት ላይ በተካሄደ ጉባኤ ስምምነቱ ለሌሎች ከተሞች ተከፈተ፤ ፓሪስ፣ ባርሴሎና፣ ሎስ አንጀለስና ታይፔይ ከተቀላቀሉት ውስጥ ናቸው። የከተሞች ጥምረት ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በ2005 በለንደኑ ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን አነሳሽነት የተጀመረውና አዲስ አበባም አባል የሆነችበት ሲ40 በአየር ንብረት ላይ ይሠራል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2008 የመሠረተው የከንቲባዎች ቃል ኪዳን ደግሞ በኃይል አጠቃቀምና በልቀት ቅነሳ ላይ ያተኩራል። እነዚህ በአመዛኙ በባለሙያ ሥራ ላይ ሲያተኩሩ፣ የነፃ ከተሞች ስምምነት ከመነሻው የፖለቲካ ወገን የያዘ ነው።

ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የዋና ከተማ ድምፅ የአገር ድምፅ አይደለም። ትሻስኮቭስኪ በ2020ም በ2025ም ለፖላንድ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ በጠባብ ልዩነት ተሸንፈዋል። ካራቾኚ በ2021 የተቃዋሚዎች የጠቅላይ ሚኒስትር ዕጩ ለመሆን ከገቡበት ፉክክር ለፔቴር ማርኪ-ዛይ ቦታ ለቀው ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ምርጫም ኦርባን በድጋሚ አሸነፉ። ከተሞቹ ለገጠሩና ለትንንሽ ከተሞች መራጭ የሚያቀርቡት ነገር በሰነዱ ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ከአራቱ መሥራቾች ህርዢብ በ2023 ከንቲባነቱን ለቦሁስላቭ ስቮቦዳ አስረክበው በምክትልነት የትራንስፖርት ዘርፍን ያዙ። ቫሎ በ2022፣ ትሻስኮቭስኪ ደግሞ በ2024 በድጋሚ ተመርጠዋል። ካራቾኚም በ2024 ሥልጣናቸውን አስጠብቀዋል፤ ድምፁ ዳግም ሲቆጠር ግን ከተፎካካሪያቸው የበለጡት ከ300 በማይሞላ ድምፅ ነበር።