የሱስ ሥሩ ቅጠሉ ነውን?

ስለ ሱስ በተነሣ ቁጥር ጣታችን የሚቀሰረው በቅጠሉና በጠርሙሱ ላይ ነው። ታሪካችን ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። የሚያጨሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበው አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱ አለፉ፤ ትምባሆ ግን ቀረ።

በአንጻሩ በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ጫት የወዳጃ ነበር፤ ቡናው እየተፈላ፣ ዕጣኑ እየጤሰ፣ ሽማግሌው እየመረቀ፣ ዱዓ እየተደረገ ይቃማል። በላስታ ደጋ ክርስቲያኖች ዘንድም ጠላው የጽዋ ማኅበር ነው፤ ቀኑ የታወቀ፣ ሙሴ ያለው፣ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት የሚያበቃ። ያኔ ሰካራም አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቅጠሉም መጠጡም ሰዓት፣ ምክንያትና ተቆጪ ነበራቸው።

ዓለምም ይህንኑ አይቷል። በቬትናም ጦርነት ከአሜሪካ ተራ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሄሮይን ወይም የኦፒየም ሱሰኛ ሆኖ እንደነበር ተናግሯል። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሱትን ስትከታተል፣ በቬትናም ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ዳግም በሱስ የተያዙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሄሮይን በአሜሪካም ነበረ፤ የተለወጠው የሰዎቹ ኑሮ ነው።

ወደ ላሊበላ እንመለስ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማዋ እንጀራዋን በእንግዳ ላይ መሠረተች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገዱን ዘጋ፤ በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ ከተማዋን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጣት፤ በ2016 ጥቅምት ደግሞ ተኩስ ዳግም ተሰማባት። እንግዳ የቀረበት አስጎብኚ፣ በቅሎው ሥራ የፈታችበት አከራይ ረጅሙን ቀን በምን ይግፋው? አረቄና ጫት ቢቀርቡት ፍርዱ በእርሱ ላይ ብቻ ነውን?

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ነው። ይሁንና ከጫት የውጭ ምንዛሪ የሚሰበስብ መንግሥት ቃሚውን ብቻ ቢወቅስ ማን ይሰማዋል? ወጣቱን ከሱስ ማውጣት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሰላሙንና ሥራውን፣ ሃይ የሚለውንም ሽማግሌ ይመልስለት። አለዚያ ቅጣቱ ሲጸና ሱሱ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ቸር ይግጠመን።