የበግ ለምድ የለበሱ መኪኖች

ፈጣን መኪና ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ቀይ የጣሊያን መኪና ነው። እሱን አይቶ "ይሮጣል" ለማለት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ግን ስለ ሌላ ዘር ነው። አራት በር አለው፣ ከኋላ ልጆች ይቀመጡበታል፣ ሻንጣው ውስጥ የወር አስቤዛ ይገባል፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቢነዳው አያስነውርም። ነዳጁ ሲረገጥ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። እንግሊዞቹ በጃጓር፣ ጣሊያኖቹ በአልፋ ሮሜዮ ቀድመው ሞክረውታል፤ ወግ አድርገው የያዙት ግን ጀርመኖች ናቸው።

ለምን እነሱ? "አውቶባን ስላላቸዋ!" ትሉን ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ የሌለበት መንገድ ፈጣን መኪና ያስመኛል። ነገር ግን መንገድ ብቻውን መኪና አይወልድም። እኛ ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘናቸው ወላጆች ሦስት ናቸው፤ ችግር፣ ጥቂት እምቢተኛ መሐንዲሶች እና የውድድር ደንብ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከችግሩ እንጀምር። በ1959 መጨረሻ የሙኒኩ ቢኤምደብሊው ሊሞት እያጣጣረ ነበር። ከላይ ገዢ ያጡ ውድ መኪኖች ነበሩት፣ ከታች ኢዜታ የምትባል እንቁላል የመሰለች ትንሽ መኪና፤ መሐሉ ባዶ። በዲሴምበር በተጠራው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ኩባንያው ወደ ዳይምለር ቤንዝ ይጠቃለል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ትንንሾቹ ባለአክሲዮኖች አሻፈረን አሉ። ኸርበርት ኳንት የተባለው ባለሀብት ገንዘቡን ይዞ ገባ። በ1961 ፍራንክፈርት ላይ 1500 የምትባል ባለ አራት በር መኪና ቀረበች። ገበያ ስትወጣ ጉልበቷ 80 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ቁጥሩ አያስደነግጥም፤ ቁም ነገሩ ከኮፈኑ ሥር ነው። ሞተሩን የነደፈው አሌክስ ፎን ፋልከንሃውዘን ራሱ ተወዳዳሪ የነበረ ሰው ስለሆነ፣ ነገ እንዲያድግ ቦታ ትቶ ሠራው። ምን ድረስ እንዳደገ ቆየት ብለን እንነግራችኋለን።

አሁን ወደ እምቢተኞቹ እንሂድ። ፋልከንሃውዘን ሁለት ሊትር ሞተር በትንሿ ባለ ሁለት በር መኪና ውስጥ ለራሱ አስገጠመ። ሄልሙት ቨርነር ቦንሽ የተባለ ባልደረባውም ሳይነጋገሩ ያንኑ አድርጎ ኖሯል! ኒውዮርክ የተቀመጠው አስመጪ ማክስ ሆፍማን ደግሞ "ለአሜሪካ ጠንከር ያለ ነገር ስጡኝ" ብሎ ይወተውት ነበር። በ1968 ሦስቱ ፍላጎቶች ተገናኙና 2002 የምትባለው መኪና ተወለደች።

በዚያው ሰሞን ሽቱትጋርት ውስጥ ኤሪክ ቫክሰንበርገር የተባለ የመርሴዲስ መሐንዲስ የባሰ ነገር አደረገ። የመንግሥታት መሪዎች የሚሄዱበትን የትልቁን 600 ባለ ስምንት ሲሊንደር 6.3 ሊትር ሞተር አውጥቶ በአነስተኛዋ ሴዳን ውስጥ ከተተው። 300 ኤስኢኤል 6.3 በጄኔቭ ስትታይ 250 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ መልኳ ግን የተከበረ ሐኪም መኪና ነበር። ይኼኔ ሃንስ ቨርነር አውፍሬኽት እና ኤርሃርድ ሜልኸር የሚባሉ ሁለት የቀድሞ የመርሴዲስ ሰዎች፣ በ1967 ቡርግሽታል በምትባል ትንሽ ቦታ የራሳቸውን ሥራ ጀምረዋል። የሁለቱን ስምና አውፍሬኽት የተወለደባትን ግሮስአስፓኽን ፊደል አገጣጥመው "ኤኤምጂ" አሉት። ያቺኑ ግዙፍ ሴዳን 6.8 ሊትር አድርገው፣ ቀይ ቀብተው፣ በ1971 ቤልጂየም ስፓ ላይ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር አሰለፏት። ሁለተኛ ወጣች። ጀርመኖቹ እስከ ዛሬ "ቀይዋ አሳማ" እያሉ ነው የሚጠሯት።

ከዚያ 1973 መጣ። ቢኤምደብሊው 2002 ቱርቦን፣ 170 የፈረስ ጉልበት ያላትን፣ ይፋ አደረገ። ከፊት ፓራውልቷ ሥር ስሟ ተገልብጦ ተጻፈ፤ ከፊት ያለው ሾፌር በስፖኪዮ አንብቦ መንገድ እንዲለቅ መሆኑ ነው። ወዲያው የነዳጅ ቀውስ ደረሰ። ጀርመን እሑድ እሑድ መኪና ከለከለች፣ አውቶባኑ ላይም ለጊዜው 100 ኪሎ ሜትር ገደብ ተጣለ። እንዲህ ባለ ሰሞን "ዞር በል!" የምትል መኪና ማን ይወዳል? ምርቷ 1,672 ላይ ቆመ።

የሞተውን ጉዳይ ያስነሣው ሦስተኛው ወላጅ፣ ደንቡ ነው። በ1980ዎቹ "ግሩፕ ኤ" በሚባለው ምድብ ለመወዳደር አንድ ፋብሪካ መኪናውን በአንድ ዓመት ቢያንስ 5,000 መሥራት ነበረበት። ልብ በሉ፤ ደንቡ የውድድር መኪናን በግድ ወደ ሰፈር አወረደው ማለት ነው። መርሴዲስ በእንግሊዙ ኮስዎርዝ እርዳታ 190ኢ 2.3-16ን ሠራ። በ1984 አዲሱ የኑርቡርግሪንግ መንገድ ሲመረቅ የዓለም ሻምፒዮኖችን ሰብስቦ በአንድ ዓይነት 190ኢ አወዳደራቸው። ያሸነፈው ግን ኒኪ ላውዳን ሁለተኛ ያደረገ ገና ጀማሪ ብራዚላዊ ልጅ ነበር፤ አይርተን ሴና።

የሙኒክ መልስ ኤም3 ነበረች። በ1972 የተቋቋመው የቢኤምደብሊው የስፖርት ክፍል በ1985 286 የፈረስ ጉልበት ያላትን ኤም5 አውጥቶ ነበር፤ በ1986 ምርቷ የተጀመረው ኤም3 ግን ለውድድር ስትባል የተፈጠረች ናት። ሞተሯን የሠራው ፓውል ሮሽ መነሻ ያደረገው የዚያችን የ1961 መኪና የሞተር ብሎክ ነው። በ1983 ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነበት ቱርቦ ሞተርም መሠረቱ ያው ብሎክ ነበር። ሊሸጥ ከነበረ ኩባንያ የወጣ የቤተሰብ መኪና ሞተር ዓለምን አሸነፈ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሀብት ዘመን ሆነ። በ1990 የታየችው መርሴዲስ 500ኢ 326 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ በልማት ሥራዋም በአካል ግጥሚያዋም የተሳተፈው ያኔ ኪሱ የሳሳው ጎረቤቱ ፖርሽ ነው። በ1980 ኳትሮ በምትባል ኩፔ አራቱንም ጎማ ማሽከርከርን ያስተማረው የኢንጎልሽታቱ ኦዲም ፉክክሩን ተቀላቀለ። በ2004 ኤም5 አሥር ሲሊንደርና 507 የፈረስ ጉልበት ደረሰች። ኤኤምጂ በ2005 ሙሉ በሙሉ የዳይምለር ሆነ።

ዛሬስ? በ2022 የወጣችው የኤኤምጂ ሲ63 ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምራ 680 የፈረስ ጉልበት አላት። የ2024ቷ ኤም5 727 አላት፤ ግን 2.4 ቶን ትመዝናለች። የመጀመሪያዋ ኤም3 200 የፈረስ ጉልበት ይዛ 1.2 ቶን ገደማ ነበረች። አዲሷ ኤም5 ከቀዳሚዋ በ127 የፈረስ ጉልበት ትበልጣለች፤ ከዜሮ 100 ለመድረስ ግን 3.5 ሰከንድ ይፈጅባታል። ቀዳሚዋ በ3.4 ትደርስ ነበር። ጉልበቱ የት ገባ? የራሱን ባትሪ ተሸክሞ!

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። አገራችን በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚመጣውም የኤሌክትሪክ ዘመን ነው። እኛ ለሞተር ጩኸት ሙሾ አናወርድም። ኤሌክትሪክ ራሱ በጸጥታ የሚበር ስለሆነ ለበግ ለምድ የሚመች ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነው። እነዚያን መኪኖች የወለዳቸው እጥረት ነበር፤ ትንሽ ገንዘብ፣ ትንሽ ሞተር፣ ጥብቅ ደንብ። መሐንዲሱ ያለውን አብቃቅቶ እንዲያስብ ተገደደ። ሁሉ ሲትረፈረፍ ግን ክብደትን በጉልበት መሸፈን ቀላሉ መንገድ ሆነ። የአሁኑ ዘመን እጥረት ክብደት ነው። ባትሪውን አቅልሎ፣ አራት ሰው ጭኖ፣ ነጂውን ፈገግ የሚያሰኝ መኪና የሚሠራ እምቢተኛ ከሙኒክም ይምጣ ከሽቱትጋርት፣ ወይም እነሱ ካላሰቡት ከተማ፣ የፋልከንሃውዘን ወራሽ እሱ ነው።