የቢትልስ የመጨረሻ ሸክላና የመሣሪያው ድርሻ

ከሊቨርፑል የተነሣው የቢትልስ ቡድን የመጨረሻ ሥራ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። ለሽያጭ በቀረበበት ጊዜ ከታየ እ.ኤ.አ. በሜይ 1970 የወጣው «ሌት ኢት ቢ» ነው። የዚህ ሸክላ አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው ግን በጃንዋሪ 1969 ስለሆነ፣ አራቱ ሰዎች በአንድነት ደክመው የፈጸሙት የመጨረሻ ሥራ በሴፕቴምበር 1969 የወጣው «አቤይ ሮድ» ነው። የድምፅ ለውጡም ጎልቶ የሚሰማው በዚህኛው ላይ ነው።

ለውጡን ብዙዎች የሚተረጉሙት በሰዎቹ ጠባይ ነው፤ ሌነንና ማካርትኒ ተራርቀዋል፣ ሃሪሰንም በዜማ ደራሲነት ጎልምሷል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የምክንያቱ ከፊል የሚገኘው በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ነው። የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የድምፅ ማደባለቂያ ጠረጴዛ በቫኩም ቱዩብ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚቀበለው 8 ማይክሮፎን፣ ወደ ቴፕ የሚያስተላልፈውም 4 መስመር ብቻ ነበር። የ1967ቱ «ሳርጀንት ፔፐር» የተሠራው በዚሁ በባለ 4 መስመር ቴፕ ነው፤ መስመሮቹ ሲሞሉ ሁሉን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ቴፕ መገልበጥ ግድ ስለነበር፣ በተገለበጠ ቍጥር የማይፈለገው የቴፕ ድምፅ ይጨምር ነበር። ለ«አቤይ ሮድ» የዋለው ግን የኩባንያው መሐንዲሶች በትራንዚስተር የሠሩት አዲስ ጠረጴዛ ነው፤ ይኸውም 24 ማይክሮፎን ተቀብሎ ለ8 መስመር የሚያከፋፍል፣ በየመግቢያውም የራሱ የድምፅ መግቻ ያለው ነበር።

ከቀራጮቹ መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ጄፍ ኤመሪክ መጀመሪያ ላይ አዲሱን ጠረጴዛ አልወደደውም፤ የቀድሞው ቱዩብ ሲጨነቅ የሚሰጠውን ሻካራና ብርቱ ድምፅ አጣበት። የሸክላው ልስላሴ የመጣው ግን ከዚሁ እጦት ጭምር ነው፤ እጦት መባሉም ምናልባት አይገባውም። በ«ዚ ኤንድ» የሪንጎ ስታር ከበሮ በሁለት መስመር ተቀርጾ ከግራ ወደ ቀኝ ተንሰራፍቷል። «ቢኮዝ» ላይ ሦስት ድምፃውያን ሦስት ጊዜ ተቀርጸው የዘጠኝ ሰው ኅብረ ዜማ ሆነዋል። በሁለተኛው ገጽ ያላለቁ አጫጭር ዘፈኖች ተቀጣጥለው 16 ደቂቃ ያህል ይዘልቃሉ፤ ሌነን ይህን ቅጥልጥል አልወደደውም፤ አዘጋጁ ጆርጅ ማርቲን ግን የሲምፎኒን መልክ ፈልጎበት ነበር፤ ጆሮም ለማርቲን ይፈርዳል።

ሃሪሰን የገዛው የሙግ ሲንቴሳይዘርም ነበር። በሌነን «አይ ዎንት ዩ» መጨረሻ ላይ ይኸው መሣሪያ እንደ ነፋስ እየበረታ የሚሄድ ድምፅ ያሰማል፤ ዘፈኑም በሌነን ትእዛዝ ቴፑ በመሐል ተቆርጦ በድንገት ጸጥ ይላል። የዚህ ዘፈን የመጨረሻ ቅንብር የተፈጸመው ኦገስት 20 ቀን 1969 ሲሆን፣ አራቱ በአንድ ስቱዲዮ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙትም በዚያው ቀን ነው።