የቄሣር ግብርና የእግዚአብሔር ገንዘብ በአቡ ዳቢ ምድር

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ የንጉሥን ድርሻ ከአምላክ ድርሻ ለይቶ አሳየ (ማቴ. 22)፤ ቅዱስ ጳውሎስም ምእመናን ለሹማምንት እንዲታዘዙ መከረ (ሮሜ 13)። ነገር ግን ሸንጎው በክርስቶስ ስም እንዳያስተምሩ በከለከላቸው ጊዜ ሐዋርያት የአምላክን ትእዛዝ አስቀደሙ (ሐዋ. 5)። ስለዚህ ግብር ለንጉሥ ይከፈላል፤ ሃይማኖት ግን በዋጋ አይለወጥም።

ይህ ትምህርት የተፈተነበት አንድ ስፍራ ከአቡ ዳቢ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው የሲር ባኒ ያስ ደሴት ነው። በ1992 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች በዚያ የጥንት ገዳም ፍርስራሽ አገኙ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፥ የመነኮሳቱ ማደሪያና መስቀል የተቀረጸበት የኖራ ልስን ተገለጠ። ገዳሙ በትምህርተ ሃይማኖት ከተዋሕዶ የተለየችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። መነኮሳቱ በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ዓመት በሙስሊሞች መንግሥት ሥር ኖሩበት፤ በፍርስራሹም የጥፋት ምልክት አልተገኘበትም።

በ7ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የዚያች ቤተ ክርስቲያን አባት የነበረው ሣልሳዊ ኢሾዓያብ በመልእክቱ፥ ዐረቦቹ ካህናትን እንደሚያከብሩና ገዳማትን እንደሚረዱ መሰከረ። ይሁን እንጂ በዖማን ወገን፥ ማዙን በተባለው አገር፥ ብዙ ሕዝብ ሃይማኖቱን ስለ መተዉ እጅግ አዘነ። ያስካዳቸው ሰይፍ አልነበረም፤ የገንዘባቸውን እኩሌታ ላለመስጠት ብለው ነው እንጂ። እነሆ፥ ንጉሥ ያላስገደደውን የገንዘብ ፍቅር አስገደደው።

ከብዙ ዘመን በኋላ የዚያው ምድር ገዦች ለክርስቲያኖች በራቸውን ከፈቱ። በ1960 ሼኽ ሻክቡጥና ወንድማቸው ሼኽ ዛይድ የጠሯቸው አሜሪካውያን ሐኪሞች፥ ፓት ኬኔዲና ባለቤቱ ማሪያን፥ በዐል ዐይን ሐኪም ቤት አቋቋሙ። በ1965 ሼኽ ሻክቡጥ በሰጡት መሬት የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በአቡ ዳቢ ተከፈተ። የ1971 ሕገ መንግሥትም እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ፥ የሕዝብን ሥርዓትና መልካም ጠባይ እስካልነካ ድረስ አምልኮን በአንቀጽ 32 ፈቀደ። ለሙስሊሙ ሌላ ሃይማኖት መስበክ ግን የተከለከለ ነው።

እንግዲህ በዚያ የሚኖር ክርስቲያን ምን ያድርግ? ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ስለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ጽፎላቸዋል (ኤር. 29)፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ለመስጠት መዘጋጀትን በትሕትና አዘዘ (1ኛ ጴጥ. 3)። በሕግ ዝም ማለትና ሲጠየቁ መካድ አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያዊም ይህን የእንግድነት ነገር ከሌላው ወገን ያውቀዋል፤ በ615 ገደማ የአክሱም ንጉሥ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ተቀብሎ፥ መልሱልን ላሉት መልእክተኞች አሳልፎ አልሰጣቸውምና።

ሃይማኖት የሚፈተነው በንጉሥ ቍጣ ብቻ ሳይሆን በንብረት ፍቅርም ጭምር ነው። አባቶች ለመነኮሴ ድህነትን መሐላ ያደረጉበት አንዱ ጥበብ ይህ ነው፤ የራሱ ሀብት የሌለው ሰው ሊያድነው ሲል ሃይማኖቱን የሚሸጥበት እኩሌታ የለውምና።

ስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።