አራሹ ማን ነበር?
ስለ ገጠር ወጣቶች ኀዘን ታሪካዊ መሠረት

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲሰለፉ፣ የጭሰኛውን ብሶት የአገር ጥያቄ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር የነበሩት የተማሪዎች ማኅበራት ስለ ገባሩ፣ ስለ ጭሰኛውና ስለ ባላባቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ብዙም ተከራክረዋል። ሆኖም ከበሬው ኋላ ሆኖ እርፉን የጨበጠው ሰው ብዙ ጊዜ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ እንደ ነበረ፣ ይህም ልጅ ከአባቱ ብሶት የተለየ የራሱ ኀዘን እንደ ነበረው የጻፉት ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ክፍተት ለማመልከት ይሞክራል።

ጥያቄው ከመጻሕፍት ብቻ የመጣልን አይደለም። በሮም ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁትን የኢጣልያ ወታደሮች ለማስታወስ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። በዚያው አካባቢ በረሃና ባሕር አቋርጠው የመጡ የወሎና የጎጃም ልጆች እናገኛለን። ማመልከቻ ስንጽፍላቸው፣ ቃላቸውንም ስናስተረጉምላቸው፣ ስለ ደረሰባቸው መከራ እንጠይቃቸዋለን። መልሳቸው አጭር ነው፦ «ምን ይደረግ፤ ዕድላችን ነው።» «ዕድል» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ጥያቄው ይዘጋል።

ይህን የመሰለ የተዘጋ ጥያቄ እዚሁ ኢጣልያ ውስጥ የከፈተ አንድ ሊቅ ነበረ። ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ የተባለው የሃይማኖት ታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 የአእምሮ ሐኪምና የሙዚቃ ተመራማሪ ካሉበት ቡድን ጋር ወደ ሳሌንቶ፣ ማለትም ወደ ኢጣልያ ደቡብ ምሥራቃዊ ጫፍ ወረደ። በዚያ አገር በስንዴ አጨዳ ወራት «ሸረሪት ነደፈችን» የሚሉ ገበሬዎች በቫዮሊንና በከበሮ እየታጀቡ ለቀናት ይጨፍሩ፣ በቅዱስ ጳውሎስ በዓልም ጋላቲና ወደሚገኘው ጸሎት ቤት ይሄዱ ነበር። ቡድኑ ካጠናቸው 37 ሰዎች 32ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሕመሙም በአብዛኛው የጀመራቸው ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ነው። ዴ ማርቲኖ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነገሩ በመርዝ ብቻ እንደማይፈታ አስረዳ፤ ሸረሪት ዕድሜና ጾታ መርጣ አትነድፍም፤ በየዓመቱ ቀን ቆጥራም አትመለስም። የወደደችውን እንዳታገባ የተከለከለች፣ ያልወደደችውን እንድታገባ የተገደደች፣ በሰው ማሳ ላይ የምትደክም ልጃገረድ በቃል እንድትናገር ያልተፈቀደላትን በሕመም ተናገረች። የመጽሐፉ ርዕስ እንደ ቅኔያችን ኅብር አለው፦ የኢጣልያንኛው ቃል ጸጸትም፣ ዳግም መነከስም ይሆናል።

እኛም ዘንድ ከኮረዳ አፍ የማይወጣው ብሶት በዛር ጩኸትና በለቅሶ ቤት ሙሾ መውጫ ሲፈልግ ኖሯል። መሠረቱ ግን የመሬትና የጋብቻ ሥርዓት ነው። በሰሜኑ የርስት አገር ወንድ ልጅ ከአባቱ መሬት የሚቆረጥለት በተለምዶ ጎጆ ሲወጣ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ የሚያዝበት ግን የለውም። ሴት ልጅ ደግሞ የሁለት ቤተሰቦች ውል ማሰሪያ ሆና ሳትጠየቅ ትዳራለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ቢያደርግም፣ በጎጃምና በጎንደር ገጠር ከዚያ በታች መዳሩ ቀጠለ። አካሏ ሳይጠና በምጥ የተያዘች ልጅ ምን እንደሚደርስባት እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ይመሰክራል፤ ከሕመሙ ባላነሰ የሚያቆስላት የባልና የጎረቤት መሸሽ ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የባላባቱን ቀንበር ሰበረ፤ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ ለአንድ ቤተሰብም እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። ይህን ማሳነስ ታሪክን መካድ ነው። ነገር ግን በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሰፈረው በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። ስለዚህ መሬት የሚሻ ጎረምሳ አግብቶ አባወራ መባል ነበረበት፤ የሚያገባት ልጅም ከእርሱ ታንስ ነበር። ለአንዱ ነጻ መውጫ የሆነው መንገድ ለሌላዋ መታሰሪያ ሆነ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ሲወጣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ተባለ፤ የልደት መዝገብ በሌለበት መንደር ግን ዕድሜ የሚገመተው በቁመት ነበርና አፈሳው ጢም ያላበቀሉትንም ይዞ ሄደ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ለአንዳንዱ ማሳ ቢያስገኝም፣ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረውና ከዚያ ወዲህ የተወለደው ትውልድ ያደገው የወላጁን ጠባብ መሬት ለስንት ወንድምና እኅት እንደሚበቃ እያሰላ ነው። ከዚያ ማሳ እስከ ተርሚኒ ያለውን መንገድ ዕድል አልጠረገውም።

እንግዲህ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። የእኛ የስደት ኀዘን መጽሔት አለው፣ ጉባኤ አለው፣ ግጥም አለው። የገጠሩ ልጅ ኀዘን ግን ገና ሳይነገር «ታጋሽ ነው፤ ጨዋ ነች» በሚል ምስጋና ይሸፈናል። እኛም «ሰፊው ሕዝብ» ስንል አባቱን ቆጥረን ልጁን ዘለልን፤ አባቱ መሬት ካገኘ ልጁ ደስታ ያገኛል ብለን አሰብን። ሥርዓት ሲለወጥ በቤት ውስጥ ያለው የዕድሜና የጾታ ሥልጣን አብሮ እንደማይለወጥ ግን ከላይ ያየነው ታሪክ ያስተምራል።

ስለዚህ በአደባባዩ ላይ ለምናገኘው ወንድማችን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ለምን መጣህ?» መሆኑ ይቅር። «እርፍ ስትጨብጥ ስንት ዓመትህ ነበር? የምታርሰውስ ለማን ነበር?» ብለን እንጠይቀው። እኅቱንም ማን እንደዳራት፣ ስንት ዓመቷ እንደ ነበረ እንጠይቃት። መልሳቸውን በጽሑፍ እንያዘው። «መሬት ላራሹ» ያለው ትውልድ አራሹ ማን እንደ ነበረ አጣርቶ ሳይጠይቅ ቀርቷል፤ ያን ጥያቄ መጨረስ የእኛ ዕዳ ነው።